በጉን የማያውቅ ፎርም

በሕይወቴ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ሳላጋንን ጻፍኩ። በዚያችው ቀን ሰው ጎዳሁ። ከዚያ ወዲህ እውነትን ሳያስውብ የሚጽፍ ሰው ሳይ መንገድ አቋርጬ በወዲያኛው ጠርዝ ነው የማልፈው።

የሆነው አቃቂ ነው፤ ግማሽ ዕድሜዬን በበላው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ። ስሙን አልጠራውም። ከወንዙ ወዲህ የምትኖሩ በጠረኑ ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባ የረጠበ የበግ ጠጉር ጠረን ከአጥሩ ዘልሎ፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ዞሮ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ ገበያ ይወርዳል። አዲስ የገባ ተከራይ አፍንጫውን ይዞ፣ «እዚህ ሰፈር በቀን ስንት በግ ነው የሚታረደው?» ብሎ ይጠይቃል። በግ አይታረድም። በጉ ተሸልቶ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል፤ የሚታረደው እኛ ነን።

ስለ ደመወዛችን ብዙ አልልም፤ ብዙ የሚባልለትም ነገር የለው። ባንክ ሲገባ ስልካችን ላይ መልእክት ይመጣል። እሱን አንብበን ሳንጨርስ ሌላ መልእክት ይመጣል፤ ወጥቷል ይላል። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት የሰፈራችን ልጆች በደመወዛቸው ሲከፋቸው እኛ ጋ ይመጡና የኛን ሰምተው፣ ተጽናንተው፣ ሰርቪሳቸው ላይ እየዘፈኑ ይመለሳሉ።

እኔ የምሠራው ማበጠሪያው ላይ ነው። ማበጠሪያ ማለት ቤት የሚያህል ከበሮ ነው፤ ሰውነቱን በሙሉ የሽቦ ጥርስ ያበቀለ። የተጠላለፈውን ጠጉር በአንድ ወገን ይጎርስና በሌላው ወገን እንደ ደመና አሳስቶ ይተፋዋል። የአቃቂ ሕዝብ ጥርስ በሙሉ ቢደመር የሱን ግማሽ አያክልም። ግን እንደኛው ጥርስ ስስ ነው። አንዲት የሽቦ ቁራጭ፣ አንዲት ሚስማር ከጠጉሩ ጋር ከገባች አንድ ረድፍ ጥርስ ይረግፋል፤ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣም እኔ ተቀምጬ ጢሜን አሳድጋለሁ።

ያቺ ሚስማር እንዳትገባ የሚጠብቁኝ እትዬ ነበሩ። ግቢው በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ አቃቂ ተወልደው፣ አቃቂ አድገው፣ ገና ልጃገረድ ሳሉ ፋብሪካው ገብተው ጠጉር መለያው ክፍል ውስጥ አንዲት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከዚያች ዱካ የተነሡት ለመውለድና ለመቅበር ብቻ ነው። ጠጉሩ ከደጋ በጆንያ ይመጣል። ጆንያው ውስጥ ታዲያ ጠጉር ብቻ አይደለም ያለው፤ ጭቃ አለ፣ በጠጥ አለ፣ ጭጎጎት አለ፣ ነፍሷ ያልወጣ መዥገር አለች፣ አንዳንዴም ነጋዴው ሚዛኑ ከፍ እንዲልለት የሸጎጠው ድንጋይ አለ። እትዬ ያን ሁሉ ዘርግፈው፣ ከኔ ጋር እያወሩ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ሆኖ በጣታቸው ያነቡታል። ለስላሳው የትከሻ ጠጉር ወደዚህ፣ ሻካራው የጭን ጠጉር ወደዚያ፣ ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ፣ ውሃ ተረጭቶበት የከበደው ተመልሶ ወደ ነጋዴው። እንግዳ ሲመጣ፣ «እትዬ ጠጉሩን ዳስሰው በጉ ባለፈው ሳምንት ምን እንደበላና ከማን ጋር እንደተጣላ ይነግሩሃል» እላለሁ። ከዚህ ውስጥ ሐሰቱ የጠቡ ነገር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ጥበብ ሁላችንም የምንጠራው ባጭሩ ነው፤ ሱፍ ለቀማ እንለዋለን። የምትሠራዋም ሱፍ ለቃሚ ናት። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ጉዱ ሁሉ ከሷ ነው የመጣው።

ባለፈው ሁዳዴ ደመወዝ ሊጨመርልን እንደሆነ አወቅን። ያወቅነው ግን ደመወዝ ስለተጨመረ አይደለም፤ አማካሪ ስለተቀጠረ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ፎርም ይሞላል፣ የሥራውን ስምና ዝርዝሩን ይጽፋል፣ አማካሪው አንብቦ ከደረጃ አንድ እስከ ደረጃ አሥር ይመድበዋል፣ ጭማሪውም በደረጃው ይሆናል ተባለ። አማካሪው ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ። ጠጉር መለያው ክፍል በር ድረስ ደረሰ፤ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፤ «አለርጂ አለብኝ» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካችንን ያየው በወረቀት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ክበብ ውስጥ፣ የሠራተኛው ምግብ ቤት ማለቴ ነው፣ ተቀምጦ የሰው ዕድሜ በደረጃ በደረጃ ሲደረድር ዋለ። ክበቡ ደግሞ በጾም የሚያውቀው አንድ ምግብ ብቻ ነው፤ የሱፍ ፍትፍት። ይህንንም ያዙልኝ።

እኔ እስክሪብቶ አለኝ። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ከጽሕፈቴ ይልቅ ውሸቴ ያምራል። ይህን የሚያውቀው ሠራተኛ ፎርሙን ይዞ ማሽኔ ሥር ተሰለፈ። ዋጋዬ አንድ ሻይ ነበር፤ ከፍ ላለ ውሸት ሻይ በቦምቦሊኖ። ከመጋዘን ወደኔ ማሽን፣ ከኔ ማሽን ወደ መጋዘን ጋሪ ከመግፋት በቀር በዚህ ዓለም ሌላ ነገር ሠርቶ የማያውቀው ጓደኛችን፣ በኔ እስክሪብቶ «የውስጥ ሎጂስቲክስና የቁሳቁስ ፍሰት አስተባባሪ» ሆነ። የበሩ ዘበኛ «የመግቢያና መውጫ ደኅንነት ተንታኝ» ሆነ፤ ፎርሙን አንብቦ ሲጨርስ ዱላውን ደበቀ፣ ለተንታኝ አይመጥንም ብሎ። ለራሴ «የፋይበር ማበጠሪያ ቴክኖሎጂ ከፍተኛ ባለሙያ» ብዬ ጻፍኩና ለራሴ ክብር ተነሥቼ ቆምኩ።

እትዬ መጨረሻ ላይ መጡ። ነጠላቸው ላይ ጭጎጎት ተሰክቷል፤ ፎርሙን በሁለት ጣት ይዘውታል፣ የማይረባ ጠጉር እንደሚይዙት።

«ምን ልበልልዎት እትዬ? የተፈጥሮ ፋይበር ጥራት ቁጥጥርና ደረጃ ምደባ ኤክስፐርት እንበል?»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔ እሱን ሰውዬ አላውቀውም። ያለውን ጻፍ።»

«ያለው ያንሳል እትዬ። ትንሽ ቅቤ ጣል ላድርግበት።»

«ጾም ነው» አሉኝ። «አንተ ቀልማዳ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ስሠራ እንደኖርኩ የማያውቅ ሰው አለ እዚህ ግቢ? ሱፍ ለቃሚ ነኝ፤ ሱፍ ለቃሚ ብለህ ጻፍ። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ከምናምን ሲቀረኝ ውሸት ላይ አልፈርምም።»

ጻፍኩ። የሥራው ስም፦ ሱፍ ለቃሚ። የሥራው ዝርዝር፦ ሱፍ መልቀም፤ ንጹሑን ከቆሻሻው መለየት። እውነት ነው፤ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም። እትዬ ፈረሙ። ለዚህኛው ሻይ አልተቀበልኩም፤ ሥራ ስላልሠራሁበት።

ከሳምንታት በኋላ፣ ጾሙ ገና ሳይፈታ፣ የደረጃው ዝርዝር በፋብሪካው ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ማሽኖቹን አቁመን ስልክ ላይ ተደፋን። ጋሪ ገፊው ደረጃ ስድስት! ዘበኛው ደረጃ ሰባት! እኔ ስምንት! የሳቁ ብዛት ሳሪስ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ወደታች፣ ወደታች፣ ወደታች ስንወርድ፣ ከዝርዝሩ ወለል ላይ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹም በታች፣ እትዬ ተቀምጠዋል።

«ሱፍ ለቃሚ። ደረጃ አንድ። የሥራ ክፍል፦ ክበብ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ሲገባኝ ወንበር ፈለግኩ። ያ አማካሪ፣ ክበብ ውስጥ የሱፍ ፍትፍቱን እየጎረሰ የእትዬን ፎርም አንሥቷል። ሱፍ ለቃሚ ይላል። ሱፍ መልቀም፣ ንጹሑን ከቆሻሻው መለየት ይላል። ሰውየው ወደ ሳሕኑ አየ፤ ሳሕኑ ውስጥ ሱፍ አለ። ከዚህ ሱፍ ውስጥ ጠጠር የምትለቅም አንዲት ሴትዮ ወጥ ቤት ውስጥ እንዳለች ደመደመ። የበግ ጠጉር ውስጥ ተቀምጦ፣ የበግ ጠጉር እየሸተተው፣ የበግ ጠጉር እያስነጠሰው፣ ሱፍ ሲባል የታየው እህል ነው። ይህን ሰው መውቀስ ይቻላል? ይቻላል። እኔም ይኸው እየወቀስኩት ነው።

ዝርዝሩን ለእትዬ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። ጣታቸው ጠጉሩ ላይ ቆመ። ቆሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ታዲያ ደመወዜን ይቀንሱታል?»

«አይቀንሱም። ሕጉ አይፈቅድላቸውም። እዚያው ላይ ያቆሙታል እንጂ። ጭማሪው ደረጃ አንድን አይመለከትም።»

«ጡረታዬስ?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ነው፤ ይህን ግቢው ውስጥ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ዕድሜ ልክ የተለቀመ ጠጉር፣ ወጥ ቤት ውስጥ እህል ስትለቅም ኖራለች ተብሎ ሊዘጋ ነው። ያ የቆመ ደመወዝ ደግሞ ካሁን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ የሚከተላቸው ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«ያንተማ አይደለም» አሉ። «አንተ አንዴ እውነት ብትጽፍ ማን ያምንሃል።»

ከሰኞ ጀምሮ ክበብ ገቡ። ደብዳቤ ነው፤ እምቢ ቢሉ ከሥራ መቅረት ተብሎ ይያዝባቸዋል። አንድ ወንፊት ሱፍ ሰጧቸው፤ ለቀሙት። እውነቱን ለመናገር በፋብሪካው ታሪክ እንደዚያ ያለ ፍትፍት ተበልቶ አይታወቅም። ከዚያ በፊት የክበቡን ሱፍ የምንበላው በመንጋጋ ሳይሆን በተስፋ ነበር፤ ጠጠሩ ሲገኝ «አገኘሁ!» እያልን። አሁን ግን ሐር ሆነ። ሂሳብ ክፍሉ በሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ መሰለፍ ጀመረ።

እኛ ጋ ደግሞ የእትዬ ዱካ ላይ ማን ተቀመጠ? የውስጥ ሎጂስቲክስና የቁሳቁስ ፍሰት አስተባባሪው! ደረጃ ስድስት ነዋ፤ ጠጉር መለየት ያቅተዋል ተብሎ አይገመትም። ነጩን ከጥቁሩ መለየት ችሏል፤ ዓይን አለው። የቀረውን ግን እንዳለ አቅፎ ወደኔ ይልከዋል። ረቡዕ ዕለት ማበጠሪያው አንድ ነገር ጎረሰ፤ ጮኸ፤ ከዚያ እንደ ጥርስ ሐኪም ቤት ሆነ። የአጥር ሽቦ ነበር፤ ስንዝር የሚያህል። ሁለት ረድፍ ጥርስ ረገፈ። ከዚያ በፊት የወጡት ብርድ ልብሶች ላይ ደግሞ ጭጎጎት ተሸምኖ ተገኘ። እሱን ለብሶ የሚተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ ብርድ ልብሱን የሚያወልቀው በምላጭ ነው።

የእትዬን የቅሬታ ማመልከቻ እኔ ጻፍኩ። ጥፋቴን ለማካካስ ያለኝን የማጋነን አቅም ሁሉ አዋጣሁ፤ ሦስት ገጽ ሆነ። አንብቤላቸው ስጨርስ ሦስቱንም ገጽ አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

«አይገባም ይኼ።»

«እንዴት እትዬ? ድንጋይ እንኳ ያስለቅሳል!»

«ያስለቅሳል፤ ግን ያስቃልም። እየሳቁ ደረጃዬን አያርሙትም። ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። አንተ ፎርሙን የጻፍክ ነህና ትመጣለህ፤ ካልጠየቁህ እንዳትናገር።»

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ከማሽኖቹ ጋር አብረው ያረጁ፣ ስብሰባ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያስቡ ሰው። ማሰባቸው አንዳንዴ ይሰማል፤ ያንኮራፋል። ሁለተኛው የሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ ነው። ሥራው ራስ መነቅነቅ ነው፤ ለእኛም ለእነሱም እኩል ይነቀንቃል። ፎርሙን ስሞላለት ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቄው እሱንም በመነቅነቅ ነው የመለሰልኝ። ሦስተኛው የሰው ሀብት ኃላፊው ነው። ይህ ወጣት ከአቃቂ አቧራ ጋር የግል ጠብ ያለው ይመስል በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት ነው የሚመጣው። የኮቱን እጅጌ ጫፍ ላይ ያለችውን የአምራቹን ምልክት ሰው እንዲያይለት ሳይነቅላት ይለብሳታል፤ ሲጨብጣችሁ ከሱ በፊት እሷ ናት ሰላም የምትላችሁ።

ነገሩን የጀመረው እሱ ነው። «እማማ፣ ፎርሙ እጄ ላይ ነው። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው ልጄ።»

«ሱፍ ለቃሚ ይላል። ሱፍ ደግሞ የሚታወቅ ነገር ነው። እህል ነው። አማካሪው ከአየር ላይ አላመጣውም፤ እርስዎ ያሉትን ነው የመደበው። ሲስተም ውስጥ ገብቷል። ሲስተም ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ…» እጁን ወደ ጣሪያው አነሣ፤ ሲስተሙ እዚያ ላይ የሚኖር ይመስል።

«ሱፍ እህል ነው?» አሉ እትዬ።

«እህል ነው።»

«ይኼ የለበስከውስ ምንድነው?»

ኮቱን ወደታች አየ፤ ደረቱ ነፋ አለ። «ይኼማ ሱፍ ነው። ከጣልያን ነው የመጣልኝ።»

«ታዲያ እህል ለብሰህ ነው ሥራ የምትመጣው?»

ተወካያችን ራሱን መነቅነቅ ጀምሮ በመሐል አቆመው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«እማማ፣ አይቀልዱ። ይኼ የሱፍ ልብስ ነው፤ ንጹሕ ሱፍ፣ መቶ በመቶ። ይኸው ተጽፎበታል!» የእጅጌውን ምልክት አሳያቸው።

«የተጻፈውን አይደለም የጠየቅኩህ። የኔም ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ተጽፏል። አምጣው እስቲ ልየው።»

ሳይፈቅድላቸው የኮቱን ጫፍ ያዙ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አንድ ጊዜ ብቻ አሹት። ፊታቸው ላይ ጆንያ ውስጥ ድንጋይ ሲያገኙ የሚመጣው ነገር መጣ።

«ልጄ፣ ይኼ በግ አያውቅም።»

«እንዴት አያውቅም?»

«በግ በሩቁም አላየም። ፕላስቲክ ነው። ጄሪካን ለብሰህ ነው የምትውለው።»

ኃላፊው ሳቀ፤ ግን ሳቁ ብቻውን ቀረ። «ይኼን በምን ያውቃሉ?»

እትዬ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ። ከመቀነታቸው ቋጠሮ አንዲት ቁንጣሪ ነጭ የበግ ጠጉር አወጡ። ክበብ ውስጥ ሱፍ እየለቀሙ እንኳ ይዘዋት ነው የሚውሉት። ቀጥሎ የኮቱን ጠርዝ በጥፍራቸው ፈታ አደረጉና ከውስጥ፣ ከስፌቱ ሳይሆን ከጨርቁ ከራሱ፣ አንዲት ክር መዘዙ። ጠርዙ እየተተረተረ እስከ ጀርባው ተከፈተ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እሳት ስጠኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በኛ ፋብሪካ ላይተር ይዞ መገኘት ከሥራ ያሰናብታል፤ ጠጉርና አቧራ ነው ቤቱ። ሁሉም ግን ከዘበኛው ጎጆ ጀርባ እያጨስኩ እንደምመጣ ያውቃል፤ እትዬም ያውቃሉ። ኮሚቴው ፊት ኪሴ ውስጥ እጄን ስከት የደረጃ ስምንት ጭማሪዬ በዓይኔ ዞረ። ላይተሩን አውጥቼ ለኮስኩ። በሕይወቴ አንድ ደግ ሥራ ሠርቻለሁ ከተባለ እሷ ናት፤ እሷንም በተከለከለ እሳት ነው የሠራኋት።

እትዬ በመጀመሪያ የበጉን ጠጉር አስጠጉ። ተንጨረጨረ፤ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተ፤ በጣታቸው ሲነኩት አመድ ሆኖ በነነ። «ይኼ በግ ነው» አሉ። ቀጥለው የኮቱን ክር አስጠጉ። ክሩ አልተቃጠለም፤ ቀለጠ። ጫፉ ላይ ጥቁር ፍሬ ቋጠረ፤ ክፍሉን የተቃጠለ ጄሪካን ሽታ ሞላው። ፍሬዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት፤ ቀጭ አለች።

«ይኼ ጣልያንህ ነው።»

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ዓይናቸውንም ከፈቱ። ፍሬዋን አንሥተው አዩ፤ ኃላፊውን አዩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥለው፣ እኔ እስከ ዛሬ ባልጠበቅኩት ትሕትና፣ የራሳቸውን አሮጌ ኮት ጫፍ ወደ እትዬ ዘረጉ።

«የኔንስ?»

ዳሰሱት። «የእርስዎ ደኅና ነው። ግማሹ በግ ነው።»

ሰውየው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ግማሽ በግ መሆን እንደዚያ የሚያኮራ መሆኑን አላውቅም ነበር። «የማበጠሪያው ጥርስ የረገፈው እኚህ ሴትዮ ከተነሡ በኋላ ነው አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። ተጠይቄአለሁና ተናገርኩ፤ ሽቦውን ከስንዝር ወደ ክንድ አስረዘምኩት፤ እትዬ በዓይናቸው ወደ ስንዝር መለሱኝ። «በሉ እንግዲህ፣ የሱፍ ባለሙያ ብላችሁ አስተካክሉላቸው» አሉ ምክትሉ፣ ተወካያችንም በሙሉ ልቡ ነቀነቀ።

ኃላፊው የተከፈተ ጠርዙን በእጁ ይዞ ወደኔ ዞረ። «ላይተር ግን ግቢ ውስጥ ከየት መጣ?»

ምክትሉ እዚያው ስለነበሩ አላባረረኝም። የኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ከምሳ በፊት ደረሰኝ። ስሜ ትክክል፣ ጥፋቴ ትክክል፣ አንቀጹ ትክክል፣ አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም። ሲቀጡ እንዴት አድርገው ይጽፋሉ እባካችሁ!

የእትዬ ደብዳቤ ከወር በኋላ መጣ። ማበጠሪያው አጠገብ ቆመን ከፈትነው፤ እኔ አነበብኩ።

«ከዚህ ቀን ጀምሮ በጠጉር መለያ ክፍል የሱፍ ልብስ ባለሙያ፣ ደረጃ ሰባት…»

ቆምኩ። ተመልሼ አነበብኩ። የሱፍ ልብስ። የሱፍ ልብስ ባለሙያ! እነዚህ ሰዎች በጉን ላያዩት ምለዋል። ሱፍ ሲባሉ መጀመሪያ የታያቸው የሚጎርሱት ነው፤ አሁን ደግሞ የሚለብሱት። በመሐል አንድ በግ ቆሞ ባ እያለ አልፈውት ሄዱ።

«ተሳስተዋል እትዬ! ልብስ ሰፊ አድርገዎታል። ቆይ፣ አሁኑኑ የእርማት ማመልከቻ…» እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዘዝኩ።

እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው እስክሪብቶውን ከጣቴ ላይ እንደ ጭጎጎት ለቀመችው።

«ደረጃ ስንት አልክ?»

«ሰባት።»

«ጭማሪው ይደርሰዋል?»

«ይደርሰዋል። ጡረታውም በሱ ይሰላል።»

«እንግዲያው አርፈህ ተቀመጥ። የኔን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ፤ እነሱ የፈለጉትን ይበሉት።» እስክሪብቶዬን መቀነታቸው ውስጥ፣ ከሦስቱ ገጽ ማመልከቻዬ ጎን ከተቱት። እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም፤ ይህን የምጽፈው በውሰት ነው።

በዚያው ሳምንት የውስጥ ሎጂስቲክስ አስተባባሪያችን ጋሪውን እየገፋ ጠጉር መለያው በር ላይ ደረሰ። ጋሪው ላይ ጠጉር የለም፤ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ኮት ብቻ።

«ከሰው ሀብት ኃላፊው ነው» አለ። «የሱፍ ልብስ ባለሙያዋ ጠርዙን ይስፉልኝ፣ በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ ይካተታል ብሏል።»

እኔ ለጠብ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እትዬ ግን ኮቱን ተቀብለው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ከወለሉ ላይ ከትከሻው ጠጉር፣ ከለስላሳው ከነጩ፣ ትንሽ አነሡ፤ በመዳፋቸው አሽተው፣ በጣታቸው አክርረው ክር አወጡ፤ ያንን ጥቁር ኮት ዙሪያውን በነጭ የበግ ክር ሰፉት። ስፌቱ ከሩቅ ይታያል። ከቅርብ ደግሞ በደንብ ይታያል። ጨርሰው አጣጠፉና ጋሪው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ውሰድለት» አሉ። «አሁን ትንሽ በግ ገብቶበታል በለው።»